ወገቤን ነው አትበሉኝ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ ለባጃጅ ሹፌሮች፣ ለግንባታ ሠራተኞችና ለሰፈሩ ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ገለበጥኩት፤ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ!

አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። ወንድሞቼ ሹፌሮች፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና እህቶች፣ እናንተም እንኳን መጣችሁ። ርዕሱ የወንዶች ነው ብላችሁ እንዳትወጡብኝ። ለምን እንደምፈልጋችሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ስትገቡ ብጣሽ ወረቀት ተሰጥቷችኋል። ስም አይጻፍበትም። ጥያቄ ያለው ሰው ጽፎ፣ አጥፎ፣ ለሚዞሩት ልጆች ይስጣቸው። መጨረሻ ላይ አነባለሁ።

እሺ፣ ልጀምር። አንድ ሰው ሲታጠብ እጁ አንድ ነገር ይነካል። ከቆለጡ ከረጢት ኋላ፣ ከፊንጢጣው ፊት፣ እዚያ መካከል። ትናንት ያልነበረ እባጭ። ምን ያደርጋል? ለሚስቱ ይነግራል? አይነግርም። ለጓደኛው ይነግራል? አይነግርም! ዝም ይላል። ነገ ይጠፋል ብሎ ያድራል። ነገም አለ። ከነገ ወዲያም አለ።

ያ ቦታ እኮ በአፋችን ስም እንኳ የለውም። ጉልበት ስም አለው። ብሽሽት ስም አለው። ያ ቦታ ግን "ታች" ነው። "መቀመጫዬ አካባቢ" ነው። ስለዚህ ሰውዬው ካርድ ክፍል ሲደርስ ምን ይላል? "ምንህን ነው የሚያምህ?" ሲባል "ወገቤን" ይላል። ነርሷ ስትጠይቀው "ወገቤን" ይላል። እኔ ጋ ሲገባም "ወገቤን ነው ዶክተር" ይላል። ወንበር እሰጠዋለሁ። "ግድ የለም፣ መቆም ይሻለኛል" ይላል።

ወገቡን የታመመ ሰው ወንበር ይፈልጋል። በሕመም ላይ ሆኖ መቆም የመረጠ ሰው ግን ሌላ ነገር አለበት። ይህንን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ከደምቢያ የመጡ አንድ አባት ናቸው። ገና ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ከቆላ ድባ ጎንደር ድረስ አውቶቡስ ላይ ቆመው ነው የመጡት። ወንበር ነበር፤ ልጃቸውም አብሯቸው ነበር። ልጁ "አባዬ ተቀመጥ" ሲላቸው "መንገዱን ልየው ብዬ ነው" አሉት። ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም። ልብሳቸውን ከፍ አድርገው ሳያቸው የሁለት ሳምንት መግል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆመው በልተው፣ በጎናቸው ተኝተው ነው የከረሙት። "አያ፣ ለምን እስካሁን?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልጥራው?" አሉኝ።

ይህ ንግግር ለእሳቸው ነው።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። እባጩን ዕድሜውን ጠይቁት። ዕድሜውን! በስንት ጊዜ ነው የመጣው? በዓመታት? በወራት? በቀናት? በሰዓታት? ምን እንደሆነ ለማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ያህል መፍጠን እንዳለባችሁ ለማወቅ፣ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። ከዝግተኛው ተነስቼ ወደ ፈጣኑ እሄዳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን በሽታ ያልሆነውን ላንሳ። አንድ ሊያገባ የተቃረበ ወጣት ሦስት ጊዜ መጥቶብኛል። "አለ፣ ይሰማኛል" ይለኛል። ሦስቱንም ጊዜ መረመርኩት። የነካው የራሱን አካል ነበር። በዚያ ቦታ መሐል ለመሐል እንደ ስፌት ያለ መስመር አለ። በእናታችን ማሕፀን ሳለን ግራና ቀኙ የተገጣጠመበት ነው። ሁላችሁም አላችሁ። ከሥሩ ደግሞ የብልት ሥር አለ። ብልት ከውጭ ከምናየው ቦታ ላይ አይጀምርም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ይዘልቃል። ስለዚህ ያን ቦታ ሲጫኑት ጠንከር ያለ ነገር ይገኛል። ብልት ሲቆም ደግሞ ይብስ ይጠነክራል። ግራና ቀኝ የሚጎረብጡት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ጤና ናቸው። ጥርጣሬ ካለ ግን አንድ ጊዜ መታየት ሌሊቱን ሙሉ ከመነካካት ይሻላል። ያ ወጣት አግብቶ ልጅ ወልዷል።

አሁን ወደ ዓመታቱ። በዓመታት የመጣ እባጭ፣ እንደ ሽምብራ ከቆዳ ሥር የሚንከባለል፣ የማያም፣ የማይቀላ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የስብ ቋጠሮ ነው። አለዚያ ደግሞ ውስጡ ነጭ እንደ አይብ ያለ ነገር የተጠራቀመበት የቆዳ ከረጢት ነው። አይገድልም። አንድ ጊዜ አሳዩት፤ ካስቸገረ በማደንዘዣ ይወጣል። አትጭመቁት ብቻ። የተጨመቀ ከረጢት ቆስሎ ይመረቅዛል።

ወራቱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በጠባብ ኮርቻ ላይ ለዓመታት የሚቀመጡ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች በዚያ ቦታ ጠጣር እባጭ ያወጣሉ። ሐኪሞች "ሦስተኛ ቆለጥ" የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ሲዳስሱት እንደዚያ ስለሚመስል። ካንሰር አይደለም። ከቆዳው ሥር ያለው ስስ ሽፋን በመታሸት ብዛት ጠባሳ እየሆነ የጠጠረ ነው። ከሱ ጎን፣ የመቀመጫ አጥንት ጫፍ ላይ፣ ውሃ የሚቋጥር ሌላ ሕመም አለ። እንግሊዞች ድሮ ምን ብለው እንደሰየሙት ታውቃላችሁ? "የሸማኔ መቀመጫ"!

ይህንን ስም መጀመሪያ ሳነብ አያቴ ትዝ አለኝ። አያቴ ሸማኔ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይወረውር ነበር። ሴት አያቴ ከሥሩ የበግ አጎዛ ታነጥፍለታለች። አጎዛው ሲሳሳ ሌላ ትደርብበታለች። እኔ ልጅ ሆኜ ለሙቀት ይመስለኝ ነበር። ለካ ያመው ነበር። አንድ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እሷም አልተናገረችም፤ አጎዛ ብቻ ትደርባለች።

ሹፌሮች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ጠንካራ ወንበር ላይ ናችሁ። ኮብልስቶኑም ያናውጣችኋል። መቀመጥ ብቻውን መግል አያመጣም። ግን ላብ፣ ሙቀትና መታሸት የፀጉር ሥርን ያስቆጣል፤ ብጉንጅ ያወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ከመቀመጫቸው ስንጥቅ በላይ መግል የሚቋጥር እባጭ እየወጣባቸው ሆስፒታል ሲሞሉ፣ ሐኪሞቹ "የጂፕ በሽታ" ብለውት ነበር። ጂፕ ላይ ሲናወጡ ስለሚውሉ ነው። ፀጉር ወደ ቆዳ ውስጥ እየገባ የሚያመጣው ነው። ቦታው ትንሽ ወደ ኋላ ቢሆንም ነገሩ ዘመድ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪ ስትጠብቁ ውረዱ። ቁሙ። ተንቀሳቀሱ። ያን ቦታ በምላጭ ድርቅ አድርጋችሁ አትላጩት።

በወራት ከሚመጡት አንዱ ኪንታሮት ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። ኪንታሮት የምንላቸው ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። አንዱ የፊንጢጣ ደም ሥር እብጠት ነው፤ ከድርቀትና ከማማጥ ጋር ይመጣል። ሌላው በቆዳ ላይ እንደ አበባ ጎመን የሚወጣ ነው፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣዋል። ሕክምናቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቂጥኝም በዚያ አካባቢ ጠፍጣፋ፣ እርጥብ እባጭ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ታዲያ የመብራት ፖል ላይ "ኪንታሮት በባህል መድኃኒት እናወጣለን" የሚል ወረቀት ለጥፎ የሚጠራችሁ ሰው የትኛውን ሊያወጣ ነው? አይቶ ለይቷል? የሚያቃጥል ቅጠል ተቀብቶላቸው ፊንጢጣቸው ተቃጥሎ፣ ጠባሳው አጥብቦት፣ ሰገራ መውጣት ስቃይ የሆነባቸውን ሰዎች አክሜያለሁ። እለምናችኋለሁ፣ ያን ስልክ አትደውሉ።

ሌላው በወራት የሚመጣ፣ ጠጣር፣ የማያም፣ ግን በየወሩ የሚያድግ እባጭ ነው። ደም ካለበት፣ ቆስሎ አልድን ካለ፣ ብሽሽት ላይ ሌላ እጢ ካስከተለ፣ ከኪሎም ካስቀነሰ፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑ ሥጋ ተቆርጦ መመርመር አለበት። በዚህ ቦታ ብዙ የሚገጥም አይደለም። ግን አለማመሙ አያዘናጋችሁ። ሳንባ ነቀርሳም በዚህ ቦታ እየመገለ፣ እየደረቀ፣ ተመልሶ እየመገለ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሳል ባይኖርም።

አሁን ወደ ቀናቱ። ብዙውን ሰው የሚያመጣው ይኼ ነው።

ሰኞ ቆረቆረኝ። ማክሰኞ ቀላ፣ ጠጠረ። ረቡዕ መቀመጥ አቃተኝ። ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ይህ መግል ነው። ሌላ ምንም ሊሆን ቢችል እንኳ በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነው። ከየት ይመጣል? ከፊንጢጣ ውስጥ ዙሪያውን ትንንሽ እጢዎች አሉ። አፋቸው ሲደፈን ይመረቅዛሉ። መግሉ መውጫ ሲፈልግ በሥጋ መካከል ይጓዛል። አንዳንዴ ወደ ኋላ፣ አንዳንዴ ወደ ጎን፣ አንዳንዴ ወደ ፊት ወደ ቆለጥ ይመጣል። አባቶች፣ ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። በቀን ሁለቴ የሚታጠብ ሰውም ይይዘዋል።

እንዴት አወቅህ በሉኝ። እኔንም ይዞኛል።

የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ገጹን አንብቤዋለሁ። ሕክምናው ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ግን የሚመረምሩኝ የክፍሌ ልጆችና መምህራኖቼ ናቸው። እንዴት ብዬ ልብሴን ላውልቅ? አምስት ቀን አምፒሲሊን እየዋጥኩ ደበቅሁት። በሆዴ ተኝቼ አነባለሁ። ካፌ ቆሜ እበላለሁ። በአምስተኛው ቀን ከደባርቅ የመጣ የዶርም ጓደኛዬ አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ጋቢውን አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣለና "ተነስ፣ እንሂድ" አለኝ። በሩ ላይ እጄን አልለቀቀኝም። ማደንዘዣ ወጉኝ፣ ቀደዱት፣ መግሉ ወጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሥር ደቂቃ! ያን ሌሊት በጀርባዬ ተኛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ለአምስት ቀን የዋጥኩት መድኃኒት ለምን አልሠራም? መግል በራሱ ቅጥር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መድኃኒት በደም ነው የሚሄደው፤ መግሉ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። ስለዚህ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እየገዛችሁ ስትውጡ ትኩሳቱ ትንሽ ይበርድ ይሆናል፤ መግሉ ግን እያደገ ነው። የተቋጠረ መግል መፍሰስ አለበት። በሐኪም እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ። በቤት ውስጥ ምላጭ አይደለም። በጋለ ብረትም አይደለም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጎ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ሕመም ያስታግሳል፤ ከተቀደደ በኋላም ቁስሉን ያጸዳል። የመቅደዱን ቦታ ግን አይተካም። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ። ጠበሉን ተጠምቃችሁ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያው ውረዱ።

የእኔ ታሪክ በዚያ አላበቃም። ከሦስት ወር በኋላ በተቀደደበት ጎን አንዲት ቀዳዳ ቀረች። ትደርቃለች፣ ታብጣለች፣ ታዣለች። ፊስቱላ ይባላል። ፊስቱላ ስል በወሊድ ጊዜ እናቶቻችን ላይ የሚደርሰውን እንዳይመስላችሁ፤ ያ ሌላ ነው። ይህ ከፊንጢጣ ውስጥ ተነስቶ በቆዳ ላይ የሚከፈት ቀጭን ዋሻ ነው። እንዲህ መግል ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ፣ አንዳንዴም እስከ ግማሽ የሚሆኑት በኋላ ይህ ይገጥማቸዋል። በራሱ አይዘጋም ማለት ይቻላል። ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። አንዳንዴ በዋሻው ውስጥ ክር ይታሰርበታል፤ ቀስ እያለ ይፈውሰዋል። ክሩ የዛሬ ግኝት አይደለም፤ የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ በፈረስ ፀጉር ያስር ነበር።

ስለ ፊስቱላ ካነሳሁ አንድ ንጉሥ ልጥቀስ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ። ያ ሁሉ ወርቅ፣ ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት ያለው ሰው ፈረስ ላይ መቀመጥ አቃተው። ፊስቱላ ነበረበት። ሐኪሙ ፌሊክስ ለወራት በሌሎች ሕመምተኞች ላይ ሲለማመድ ከቆየ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 18 ቀን 1686፣ ያለ ማደንዘዣ ቀደደው። ንጉሡ ዳነ። ነገሩም አልተደበቀም፤ አገር ሁሉ አወቀው።

በዚያው ዘመን እዚህ ጎንደር ማን ነበር? አድያም ሰገድ ኢያሱ! ታላቁ ኢያሱ። እሳቸውም የቆዳ ሕመም ነበረባቸው። ደበቁት? አልደበቁትም። እስከ ካይሮ ሰው ልከው ሐኪም አስፈለጉ። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በሱዳን በኩል አቋርጦ በፈረንጆቹ 1699 እዚች ከተማ ገባ። እነዚያ ግንቦች ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱን አከማቸው። ከካይሮ ድረስ! እኛ ግን ሐኪሙ ኮሌጅ ሰፈር ነው ያለው። በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ከፈረንጆቹ 1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ለመላው አገር ጤና መኮንን አሠልጥነን ልከናል። ታዲያ የራሳችንን ሕመም በጋቢ ሸፍነን እንቀመጣለን?

ወንድሞቼ፣ አሁን ሰዓታቱ ላይ ደረስኩ። እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በሰዓታት ከሚመጡት ቀላሉ የውጭ ኪንታሮት ውስጥ የረጋ ደም ነው። ሰውዬው ዕቃ ያነሳል ወይም ሽንት ቤት ያምጣል። በድንገት ፊንጢጣው ጫፍ ላይ ጠንካራ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እባጭ ይወጣል። ሕመሙ ያስለቅሳል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ከመጣችሁ ሐኪም የረጋውን ደም ሊያወጣላችሁ ይችላል። ከዚያ ካለፈ በራሱ ይሟሽሻል። ውሃ ጠጡ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ብሉ፣ ሽንት ቤት ስልክ ይዛችሁ አትቀመጡ። አለፍኩት።

ሁለተኛው መመታት ነው። የግንባታ ልጆች፣ ይኼ የእናንተ ነው። የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ስትራመዱ እግር ይስታል፤ ሰውዬው አጣናው ላይ እግሩን አንፈራጦ ያርፋል። የሽንት ቧንቧ በዚያ ቦታ በአጥንትና በእንጨቱ መካከል ይጨፈለቃል። ቦታው ወዲያው ያብጣል፣ ይጠቁራል። ጥቁረቱ የቢራቢሮ ክንፍ ይመስላል። ከብልቱ ጫፍ ደም ጠብ ካለ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል! እንዲያምጥ አታድርጉት። ማንም ሰው በግምት ቱቦ እንዳያስገባለት፤ የተቀደደውን ይብስ ይበጥሰዋል። አስፈላጊ ከሆነ ሐኪሙ ከእምብርት በታች በኩል ሽንቱን ያወጣለታል።

ያ ልጅ ድኖ ሥራ ከገባ በኋላም ነገሩ አላለቀ ይሆናል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቧንቧው በጠባሳ ይጠባል። ሽንቱ ይቀጥናል። በደንብ ያልታከመ ጨብጥም ይህንኑ ያደርጋል። የጠበበ ቧንቧ ከኋላው ይመረቅዝና እዚያው ቦታ ላይ መግል ይቋጥራል። ሲፈነዳ ሽንት በቆዳው በኩል ይወጣል። ቀዳዳው ከበዛ ሰውዬው ሲሸና እንደ አትክልት ማጠጫ ነው። አይቻለሁ። አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ለሦስት ዓመት በጨርቅ እያሠረ ሲኖር ቆይቶ መጣልኝ። ከሰው ጋር አብሮ መብላት ትቶ ነበር፤ ይሸተኛል ብሎ። ስለዚህ ሽንታችሁ ሲቀጥን፣ ስትሸኑ ስታምጡ፣ እባጩን ሳትጠብቁ ኑ።

ሦስተኛው በጣም የምፈራው ነው። በፈረንጆቹ 1883 ፓሪስ ውስጥ ፎርኒየር የተባለ ሐኪም በዝርዝር ጽፎታል፤ በስሙ ይጠራል። የዚያ አካባቢ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ የሚሞትበት ኢንፌክሽን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ብጉንጅ ወይም ያልታከመ መግል ይቀድመዋል። ስኳር ያለባቸውን፣ መጠጥ ያደከማቸውን፣ የመከላከል አቅማቸው የወረደውን ይመርጣል። ምልክቱን ስሙኝ። ሕመሙ ከሚታየው እብጠት በላይ ይከብዳል። ቆዳው ይቀላል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ከውስጡ ይንኮሻኮሻል። ሽታው ክፍል ይሞላል። ሰውዬው ይዘባርቃል፣ ይዝላል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ድንገት ይጠፋል። "ተሻለኝ" ይላል። አልተሻለውም። ነርቩ ሞቶ ነው።

እናቶች፣ ለዚህ ነው የፈለግኋችሁ። አንድ አባት ስኳር እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ውሃ ይጠማቸዋል፣ ሌሊት አምስቴ ይነሳሉ፣ ከስተዋል፤ የዕድሜ ነው ብለውታል። ታች በኩል አበጠባቸው። ለማንም አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ማታ ባለቤታቸው ሽታውን ሸተቱት። "ምንድን ነው?" ሲሏቸው "የእግሬ ካልሲ ነው" አሉ። ባለቤታቸው አላመኑም። መብራት አብርተው፣ አንሶላውን ገልጠው አዩ። ሌሊቱን ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ባጃጅ አስጠርተው አመጧቸው። ሹፌሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዚያው ሌሊት የሞተውን ሥጋ ቆርጠን አወጣን። በማግስቱ ደግመን ገባን። በሦስተኛው ቀን ደግመን ገባን። ብዙ ሳምንት ተኝተው፣ ከጭናቸው ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈላቸው። ዛሬ በእግራቸው እየሄዱ ቀጠሯቸውን ያከብራሉ። ባለቤታቸው እስከ ጠዋት ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ይህን የምነግራችሁ በሌላ መልክ ነበር። እናቶች፣ ባላችሁ መቀመጥ ሲያቅተው፣ በጎኑ ብቻ ሲተኛ፣ ቆሞ ሲበላ፣ ጠይቁ። "ወገቤን ነው" ሲላችሁ አትመኑት።

ስኳራችሁንም ተለኩ። ጠብታ ደም ነው። መግል እየደጋገመ የሚይዘው ሰው ስኳሩንም ኤችአይቪንም ይመርመር።

ደግሞ ምርመራውን የምትፈሩ አላችሁ፤ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መጋረጃ ይጋረዳል። በግራ ጎናችሁ ትተኛላችሁ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ ታጥፋላችሁ። ሐኪሙ ጓንት ያደርጋል። ያያል፣ ይዳስሳል፣ ምናልባት በጣት ወደ ውስጥ ይመረምራል። ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ካስፈለገ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ወንድ ሐኪም ይየኝ ማለትም መብታችሁ ነው። ቃሉ ደግሞ ይኸውላችሁ፣ እንዴት ልጥራው ያሉኝ አባት መልስ፦ "ከቆለጤ ኋላ፣ ከፊንጢጣዬ ፊት አብጦብኛል፤ ከጀመረኝ ይህን ያህል ቀን ሆነኝ።" ካርድ ክፍል ሰው ከበዛ "ለሐኪሙ ብቻ ነው የምናገረው" በሉ። ወገቤን ነው ግን አትበሉኝ።

እስቲ ወረቀቶቹን አምጡልኝ።

"ከእባጩ ልጅ አለመውለድ ይመጣል ወይ?" በአብዛኛው አይመጣም። መግሉ የቆለጥን ቱቦ ካልያዘ በቀር። በጊዜ ታከም።

"ሚስቴን ይይዛታል ወይ?" መግል፣ ፊስቱላ፣ የስብ ቋጠሮ አይተላለፍም። በግንኙነት የሚተላለፈው ኪንታሮት፣ ቂጥኝና ጨብጥ ይተላለፋል። ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ።

"ሲፈነዳ ሕመሙ ጠፋልኝ፣ ድኛለሁ?" ሕመሙ መጥፋቱ መግሉ ስለተነፈሰ ነው። ቀዳዳው መዘጋቱን የሚያይ ሐኪም ያስፈልጋል። ና።

ይህ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ነው። "ከኋላ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። አራተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ማታ አንቀጠቀጠኝ። ነገ ተራዬ ስለሆነ ማክሰኞ ልምጣ?"

አትምጣ፣ ወንድሜ። ማክሰኞ አይደለም፣ ነገም አይደለም። ማን እንደሆንክ ማወቅ አልፈልግም፤ ዘወር ብለህም አትይ። ንግግሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሁላችንም አንድ ላይ እንወጣለን፤ ሰው ሲበተን ማን ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ስትደርስ "ወረቀቱ የእኔ ነው" በለኝ፤ አብረን በእግራችን እንሄዳለን። መቀመጥ አይኖርብህም።